ክዳን የሌለው የማር ዕቃ

ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር የሚኖረው ከእሱ ባልተናነሰ ያረጀች ባለሸራ ጀልባ ውስጥ ነው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ የሚያናግረው ሰው ስላጣ ጀልባዋን ማናገር ጀምሯል። ጀልባዋ አለመመለሷ ብዙም አልደነቀውም። ሚስቱም ብትሆን "የማር ዕቃውን ቢጫ ክዳን የት ጣልሽው?" እያለ ሲነዘንዛት ዝም ነበር የምትለው። ዕቃው እስከ ዛሬ አፉ በጨርቅ እንደታሰረ ነው።

ሴት ልጁን ግን ነገሩ አላማራትም።

"አባዬ፣ እሑድ እመጣለሁ" አለችው በስልክ። "ሸራውን ሰቅለህ ካሳየኸኝ እዚያው ኑር። ካልሆነ ዕቃህን ሸክፈህ እኔ ጋ ትገባለህ።"

አፉን ሞልቶ እሺ አላት። የልጁን ቤት ያውቀዋል። ሁሉም ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚመለሰው፤ የእሱ ክፍል መስኮት ደግሞ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ተፋጧል።

ችግሩ ሸራውን ከታች የሚይዘው የአሉሚኒየም አግዳሚ ነበር። አግዳሚውን ከጀልባዋ የአሉሚኒየም ምሰሶ ጋር የሚያያይዘው የብረት መታጠፊያ ተበልቶ ይንገጫገጫል። እሱን ለመቀየር የግራና የቀኝ ብሎኖቹ መፈታት አለባቸው።

በግራው ጀመረ። ብሎኑ ወይ ፍንክች! ዘይት አጠጣው፣ በሙቅ ውሃ አባበለው፣ በመዶሻ ነካ ነካ አደረገው፣ በመጨረሻም ዘር ማንዘሩን ሰደበው። ብረቱና አሉሚኒየሙ በጨው ውሃ ተበላልተው፣ መካከላቸው ነጭ ዱቄት ሞልቶ፣ አንድ አካል ሆነዋል። ሰርስሮ ሲያወጣው የምሰሶው ቀዳዳ ጠርዝ አብሮ ተፈረፈረ። ቀኙም እንዲህ ከሆነ ምሰሶው ምንም አይሸከምም፣ ጀልባዋም አበቃላት። ፈራ።

ጥርሱን ነክሶ ቀኙን በመፍቻ ያዘና ገና ጫን ሲለው ዞረ። ጉልበቱ ባዶ ላይ ስላረፈ ሊወድቅ ነበር። ብሎኑ እንደ አዲስ እያበራ ወጣ፤ ዙሪያውን የተቆረጠ ቢጫ ፕላስቲክ ተጠቅልሎበታል።

የማር ዕቃው ክዳን!

ከዓመታት በፊት መታጠፊያውን ሲገጥሙ ግራውን እሱ፣ ቀኙን እሷ ነበሩ ያሰሩት። "ሁለቱ ብረቶች ባይነካኩ ይሻላል፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ ነግሮኛል" ብትለው፣ "አንቺ ደግሞ! ለብሎንም ቀሚስ ልትሰፊለት ነው?" ብሎ ሳቀባት። የተወችው መስሎት ነበር።

እዚያው ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ከዚያ ተነስቶ አዲሱን መታጠፊያ ቦታው ላይ አደረገ። የግራውን ቀዳዳ አስፍቶ ወፍራም ብሎን አስገባበት፣ እሱንም ከውሃ ጠርሙስ በቆረጠው ፕላስቲክ ጠቀለለው። በቀኙ የእሷን መለሰ።

እሑድ ሸራው ተሰቀለ። ልጁ መታጠፊያውን ነቅነቅ አድርጋ ሞከረችው።

"ብቻህን ነው የሠራኸው?"

"የለም፣ ቀኙን እናትሽ ናት።"

ዓይን ዓይኑን አየችው። ቃሏን ግን አላጠፈችም፤ ጉንጩን ስማ ብቻዋን ተመለሰች።

ሻይ አፈላና የማር ዕቃውን ጨርቅ ፈታ። ክዳኑ የት እንደገባ አሁን ያውቃል። "አገኘሁት" የሚላት ግን የለችም።