ካሜራው ያነሳው የመጨረሻ ፎቶ

ጉማሬ አዝመራውን ሲጨርስበት ሰው ለማን አቤት ይላል? እኔ ጣና ዳር ያለችኝን የበቆሎ ማሳ ጉማሬ በላብኝ ብል፣ የቀበሌ ሰዎች «ከብት ነው» ብለው ሳቁብኝ። እልህ ያዘኝና በፊቱ ያለፈውን ሁሉ በራሱ ጊዜ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ገዝቼ ዛፍ ላይ አሰርሁ። ወር ሳይሞላው ተበላሸ።

ባሕር ዳር ወደገዛሁበት ሱቅ ይዤው ሄድሁ። ጠጋኙ ፈታታውና፣ «ጋሼ፣ ውሃ ገብቶበታል። ውሃ ለገባበት ዋስትና የለንም» አለኝ።

«በዚህ በጋ ምን ውሃ? ደግሞስ ዝናብ ይችላል ብላችሁ አይደል የሸጣችሁልኝ?»

«ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ካልተዘጋ አይችልም። ሰው ደፍቶበት ይሆናል።»

ደሜ ፈላ። ገበያተኛው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮኽሁበት። «እንግዲያው የደፋበትን ሰው አሳየኛ! ሥራው የመጣ የሄደውን ማንሳት አይደል? ሳታሳየኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም!»

እየተነጫነጨ ካርዱን አውጥቶ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተው። የመጨረሻው ፎቶ ላይ የንስሐ አባቴ ቆመዋል። ለካ ሚስቴ ማሳውን ጠበል ይርጩልን ብላ ጠርታቸው ኖሯል። ዛፍ ላይ የታሰረውን ነገር የጠንቋይ ሥራ ሳይመስላቸው አልቀረም፤ በአንድ እጃቸው መስቀላቸውን ይዘው፣ በሌላው አንድ ጣሳ ሙሉ ጠበል ካሜራው ላይ ይለቁበታል።

«አዩት ጋሼ?» አለኝ ጠጋኙ።

«አየሁት። የዋስትና ወረቀታችሁ ውሃ ይላል እንጂ ጠበል የሚለው የቱ ጋ ነው?»

አንገቱ ላይ ያለውን ማተብ እየነካካ ወረቀቱን እንደገና ማንበብ ጀመረ።