አኬሎ ያላሳየችው ገንዳ

አኬሎ ሸክላ ሠሪ ናት። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ውሃ የሚያቀዘቅዝ ጥሩ እንስራ ያለው ሰው ከእሷ ነው የገዛው። ጭቃ ስትመርጥ ቁንጥር አድርጋ ምላሷ ላይ ታኖራለች፤ አሸዋ ካለው ትተፋዋለች።

ከሦስት ዓመት በፊት ባሮ ዳር የጥንት ዘመን ቁፋሮ ሲጀመር በቀን ሠራተኝነት ገባች። እኔ ልድያ፣ የሚገኘውን ሁሉ መዝጋቢ ነበርኩ። የሚቆፈረው የተቃጠለ ድንጋይ ክምር ነው። የድሮ ሰዎች ድንጋይ በእሳት እያጋሉ ገንዳ ውስጥ እየጨመሩ ውሃ ያፈሉ ነበር፤ የተሰነጠቀውን ድንጋይ ሲጥሉት ሲጥሉት ጉብታ ሆነ። ገንዳው ግን አልተገኘም። ኃላፊያችን ዶክተር ምንተስኖት (አንቱ ልለው አልፈልግም) ወር ሙሉ ፈልጎ ሲያጣው እኛ ላይ ይጮህ ነበር።

ያገኘችው አኬሎ ናት። ከክምሩ ሥር ግራጫ ጭቃ ቆንጥራ ቀመሰችና ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፣ ውሃ እንዳያሳልፍ ሰው የለሰነው ነው አለች። ዶክተሩ ናሙናውን በምራቅሽ አበላሸሽ ብሎ በሠላሳ ሰው ፊት አዋረዳት፤ እንደ ከብት አፈር የምትልስ ሴት አላሠራም ብሎ አባረራት። መዝገቡ ላይ አግኚው ዶክተር ምንተስኖት ነው ብለሽ ጻፊ አለኝ። ጻፍኩ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በዓመቱ የዶክተሩ የጥናት ጽሑፍ ወጣ። ጭቃው ከሌላ ቦታ መምጣቱን “ደረስንበት” ይላል። ለአኬሎ አነበብኩላት። ሰምታ ስትጨርስ፣ የተባረረች ቀን በወንዙ ዳር ስትመለስ ሌላ ገንዳ ማየቷን ነገረችኝ። ወንዙ የሸረሸረው ገደል ላይ ያው ግራጫ ጭቃ፣ ያው ጥቁር ድንጋይ። በየክረምቱ ባሮ እየገመሰ ይጠጋዋል።

ዘንድሮ ዶክተሩ ተመለሰ። ሁለተኛ ገንዳ ካላገኘ ሥራው ይዘጋበታል። አኬሎን ጠይቃት ያልኩት እኔ ነኝ፤ ደጇ ቆሞ ሲለማመጥ ማየት አምሮኝ ነበር። እህቴ እያለ ተለማመጠ፤ ወደ ሥራሽ እመልስሻለሁ አላት።

“ሰው ፊት ሰደብከኝ” አለችው። “ሰው ፊት ይቅርታ በል። ያገኘችው አኬሎ ናት በል። ከዚያ አሳይሃለሁ።”

እዚሁ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ፣ በሠራተኛ ፊት ግን እንዴት ይሆናል አለ።

“እሺ። ፈልግ።”

ስድስት ቀን የማይሆን ቦታ ሲቆፍር ከረመ፤ ልቤ ቅቤ ጠጣ። በሰባተኛው ቀን ደጋ ላይ የጣለው ዝናብ ደርሶ ባሮ ሞላ። አኬሎ ጠርታኝ ራቅ ብለን ቆምን። ገደሉ ከነገንዳው ተንዶ ውሃው ውስጥ ገባ። በቀሉን ከእሷ ይልቅ የፈለግሁት እኔ ሆኜ ሳለ እንባዬ መጣ። አላሳዘነሽም ወይ አልኳት።

“ገንዳውን የሠራችው ሴት ታሳዝነኛለች፤ ጭቃ ታውቅ ነበር” አለች። “ግን እሱ በስሙ ከሚጽፋት ባሮ ይውሰዳት።”