የይሄነው የአዊኛ ክምችት

ይሄነው እንጅባራ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ይሠራል። የሽማግሌዎችን የአዊኛ ወግ እየቀዳ ወደ ጽሑፍ ሲገለብጥ ወጣትነቱን ጨረሰ። ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ በየዓረፍተ ነገሩ ምልክት እያደረገ፣ ሁሉንም ኤክስኤምኤል በሚባል የኮምፒውተር ፋይል አስቀመጠ። ፋይሉ ግን ከልክ በላይ በዛ። አንድ ስም ሲፈለግ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ፋይል ከዳር እስከ ዳር ስለሚያነብ መሐል ላይ ይደነዝዛል። መድኃኒቱ የትኛው ስም የትኛው ፋይል ውስጥ እንዳለ የሚያሳይ ማውጫ በኮምፒውተሩ መሥራት እንደሆነ ይሄነው ያውቃል። ሆኖም ማውጫው ሳያልቅ መብራት ይሄዳል፤ ሲመለስም ሥራው እንደገና ከሀ ይጀምራል። የተሻለ ኮምፒውተር ቢጠይቅ የኮሌጁ ኃላፊዎች "ለዚህ በጀት የለም" አሉት።

አንድ ቀን እማማ ውዴ ከጥርባ መጡ። ይሄነው ወጋቸውን ከቀዳቸው ሽማግሌዎች አንዱ የነበሩት ባላቸው አቶ አዝመራው ከሞቱ ዓመት ሊሞላቸው ነበር።

"ባሌ ስለ ጥርባ ሐይቅ ያወጉህን አንብብልኝ፤ ድምፃቸውን የሰማሁ ያህል ይሆንልኛል" አሉት።

ይሄነው የአቶ አዝመራውን ስም ጽፎ ፍለጋውን አስጀመረ። እማማ ውዴ ነጠላቸውን አጣፍተው ጠበቁ። ቀትር አለፈ፤ ኮምፒውተሩ እንደልማዱ ደነዘዘ፤ ቀጥሎም መብራቱ ሄደ።

"ጠፋ እንዴ ልጄ?"

"አልጠፋም እማማ፣ እዚሁ ውስጥ አለ። ማግኘቱ ነው ያቃተኝ።"

"ካላገኘኸው መኖሩ ምን ሊረባኝ" አሉና መኪና ሳያመልጣቸው ተነሡ።

ክረምቱ ሳይወጣ እሳቸውም ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ የአባቱን ወይም የአያቱን ወግ ፍለጋ የሚመጣ ሰው ሲኖር፣ ይሄነው ኮምፒውተሩን እንኳ ሳይከፍት "እኛ ዘንድ የለም" ብሎ ይመልሰዋል።