በባቡሩ ሆድ ውስጥ ያለው ብረት

ኡራኤል አካባቢ ለልጄ የባቡር መጫወቻ ልገዛ፣ እሷን ይዤ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ መብራትና ጥሩምባ ያለውን አስነስቶ ሲያሳየን፣ ተቀብዬ በመዳፌ ክብደቱን መዘንኩት፤ ቀለለኝ።

"እናት፣ ሽንኩርት እኮ አይደለም!" ብሎ ሳቀ።

ይሳቅ። እኔ ርካሽ ባቡር ዓይኔን ጨፍኜ እለያለሁ።

ልጅ ሳለሁ ካዛንቺስ፣ አባቴ በባትሪ የሚሄድ ጥቁር ባቡር ገዛልኝ። ቆርኪ የሞላሁባቸውን አራት ፉርጎዎች ይጎትት ነበር። አንድ ቀን ፈትቼ ሳየው ሆዱ ውስጥ ከምንም ጋር ያልተያያዘ ድፍን ብረት አገኘሁ። ለማታለል የከተቱት መስሎኝ አውጥቼ ጣልኩት። ከዚያ በኋላ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል እንጂ ባቡሩ ንቅንቅ አልል አለ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር የነዱት ጎረቤታችን ጋሽ ታፈሰ፣ የማሽን ዘይት በሚሸት እጃቸው ብረቱን ከጣልኩበት አንስተው ቦታው መለሱት።

"ሞተርማ ያሽከረክራል፤ ሐዲዱን ቆንጥጦ የሚያስይዘው ክብደቱ ነው" አሉኝ። "ሥራ ፈት መስሎሽ ነው?"

ከሱቁ መደርደሪያ ጥግ መብራት የሌለውን አንስቼ መዘንኩት። ከበደኝ። "ይኼን" አልኩት ሻጩን።

ልጄ ወደ መጀመሪያው ባቡር ደጋግማ ዞራ አየች። ስሜቷን አውቀዋለሁ፤ አባቴ ጥቁሩን ሲገዛልኝ፣ የእኔም ዓይን የቀረው መብራት ያለው ላይ ነበር።