ለማይግሬኔ የታዘዘልኝ ሙዚቃ

በሰማንያዎቹ አጋማሽ አሰብ ውስጥ በአንድ የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ታይፒስት ነበርኩ። ራሴን ሲያመኝ ደግሞ እንደ ሰው አያመኝም። ከግራ ዓይኔ ሥር ይነሳና ግማሽ ፊቴን ይዞ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ብርሃን እጠላለሁ፣ የታይፕ ድምፅ አናቴን የሚቀጠቅጠኝ ይመስለኛል። በየወሩ ብዙ ቀን መቅረት ጀመርኩ። አለቃዬ ደግ ሰው ነበሩ፤ ደግነት ግን የመርከብ ሰነድ አይተይብም። «ልጄ፣ ይህ ሙቀት አልተስማማሽም። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሻለሽ ወደ አዲስ አበባ እንድትዛወሪ እጽፋለሁ» አሉኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እልል ይል ነበር። እኔ ግን ደነገጥኩ። አሰብን ወድጃታለሁ፤ ባሕሩን፣ የራሴን ክፍል፣ «መቼ ነው የምታገቢው?» የሚለኝ አክስት አለመኖሩን።

ክሊኒክ ስሄድ ነርሱ ክኒን ከሰጠኝ በኋላ አንድ ነገር ጨመረ። «ለማይግሬን ሙዚቃም ይረዳል ይባላል። ጨለም ባለ ክፍል ጋደም ብለሽ፣ ድምፁን ቀንሰሽ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ቀዝ ያለ ሙዚቃ ስሚ።» ክኒን መዋጥ ስለማልወድ በዚህኛው መድኃኒት ደስ አለኝ። ሰዓቱም አላስቸገረኝም። አሰብ ውስጥ ከቀትር ጀምሮ ሙቀቱ ቢሮውንም ሱቁንም ያዘጋና እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ሁሉንም ያስተኛል።

ቀዝ ያለ ሙዚቃ ሲባል እኔ የማውቀው ትዝታ ነው። ካሴቱን ገዛሁ፣ መጋረጃውን ዘጋሁ፣ ቬንቲሌተሩን ከፍቼ ጋደም አልኩ። የመጀመሪያው ዘፈን ሳያልቅ እናቴ ናፈቀችኝ። በሁለተኛው የልጅነት ጓደኞቼ አንድ በአንድ መጡ። በሦስተኛው ያ ትቶኝ የሄደ ሰውዬ ሳይቀር አሳዘነኝ። እያለቀስኩ ግማሽ ሰዓቴን ጨረስኩ፤ ማታ ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ። መድኃኒት ሲጀምሩት ይከብዳል ብዬ በማግስቱ አንድ ሰዓት አደረግሁት። ሞኝነቴ ዛሬም ያስቀኛል።

በአራተኛው ቀን በቀትር በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ግቢው ሙሉ ቆሟል። ከፊት የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ከወሎ መጥተው እዚያው መንገድ ዳር ሱቅ የከፈቱ ሴት። ከጎናቸው የከባድ መኪና ሹፌሩ ጎረቤቴ ከእንቅልፉ እንደተነሳ፣ ሽርጡን እንዳገለደመ ቆሟል። ሁለት ሴቶች ለመቀመጫ ሰሌን ተሸክመዋል።

«አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ። ከአላህ የመጣ ነው» ብለው ሴትዮዋ አቀፉኝ።

ሹፌሩ ግን ተቆጥቷል። «እንዴት በስልክ፣ ለብቻሽ ያረዱሻል? መርዶ እኮ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። አለቃሽን ሄጄ አነጋግረዋለሁ» አለ።

ለካ በሳንቃው ግድግዳ በኩል ስነፋረቅ ሲሰሙ ሰንብተዋል። መጀመሪያ ናፍቆት ነው ብለው አለፉኝ፤ ሲደጋገም፣ ቢሮ ተደውሎ ሰው ሞቶብሻል ተብላለች ብለው ቆረጡ።

«ማንም አልሞተብኝም። ራሴን እየታከምኩ ነው» አልኩ፤ በሐፍረት መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ቴፑ ከኋላዬ ማንጎራጎሩን ቀጥሏል።

ሹፌሩ ጆሮውን ጣል አድርጎ ሰማ። «በዚህ ነው የምትታከሚው? እኔ ይኼንን በረሃው ላይ አልከፍተውም። እንባ መንገድ ይጋርዳል» አለ።

መጀመሪያ ሴትዮዋ ሳቁ፣ ከዚያ ሁላችንም። ሰሌኑ ተነጠፈ፤ ለለቅሶው የተቀቀለውን ንፍሮ እያፈስን በላን። ሹፌሩም ከመኪናው ዋሽንት ብቻ ያለበት ካሴት አመጣልኝ። ቃል ስለሌለው ማንንም አያስታውሰኝም። ከዚያን ቀን ወዲያ ሴትዮዋ በቀትር እየመጡ ሰሌኑ ላይ ጋደም ይላሉ፤ መድኃኒቱ ግን ከእኔ በፊት እሳቸውን ያስተኛቸው ነበር።

ሕመሙ ጨርሶ አልተወኝም። ግን ቀለለ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ከሥራ የቀረሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ዋሽንቱ ይሁን፣ ክኒኑ ይሁን፣ ብቻዬን ማልቀስ መተዌ ይሁን አላውቅም።

በወሩ መጨረሻ አለቃዬ ጠሩኝ። «ተሽሎሻል፣ ደስ ብሎኛል። ቢሆንም አዲስ አበባ ዘመድ አለሽ። እዚህ አንድ ነገር ብትሆኚ ማን አለሽ?» አሉኝ።

«ማንም ሳይሞትብኝ ለቅሶ የሚደርሱኝ ሰዎች አሉኝ» አልኳቸው።