እያለብኩ የደፋሁት ወተት

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ወገኖቼ። ዛሬ የተነሣሁት ስለ ጡቴ ልመሰክር ነው። ወንዶች አትፈሩ፤ ሁላችሁም ጠብታችሁ ነው ያደጋችሁት።

እኔ ዳንግላ ገበያ ድንች ነጋዴ ነበርኩ፤ ምላሴም ለማንም አይመለስም። አዋላጅ ነርሷ ስንታየሁ ጎረቤቴ ናት፤ ግድግዳችን አንድ ነው። ስትዘምር በሰማሁ ቁጥር «ጀመራት ደግሞ» እያልኩ አሾፍባት ነበር። እግዚአብሔርን የምጠራው ዕቃ ሲጠፋብኝ ብቻ ነበር።

በኮሮናው ጊዜ የመጀመሪያ ልጄን ወለድኩ። በሳምንቴ ሳልና ትኩሳት ያዘኝ፤ ስመረመር አለብሽ ተባልኩ። አማቴ ሊያርሱኝ ከአዘና መጥተው ነበር። ልጁን ከእቅፌ ወሰዱት። «የታመመ ጡት ልጅ ይገድላል። የመጀመሪያዬን በገዛ ወተቴ ገድዬዋለሁ» አሉኝ። እሱን ቅቤ አዋጡት፣ የላም ወተት ሰጡት። እኔን ደግሞ «ጡትሽ እንዳያብጥ እያለብሽ ድፊው» አሉኝ። ልጄ በወዲያኛው ክፍል ሲያለቅስ እየሰማሁ፣ በቀን ስድስቴ ሰባቴ እያለብኩ ደፋሁ።

በአምስተኛው ቀን ተቅማጥ ይዞት ለቅሶው ቀጠነ። ያን ጊዜ ፈራሁ። ተንበርክኬ «ጌታ ሆይ፣ ስምህ ሲጠራ ስስቅ የኖርኩ ነኝ። ልጄን ተውልኝ፤ እኔ የአንተ ነኝ» አልኩ።

ከጉልበቴ ሳልነሣ በሩ ተንኳኳ። ስንታየሁ ናት፣ ማስክ አድርጋ። «የልጁ ድምፅ ቀነሰብኝ» አለች። ነገሩን ስትሰማ ወደ አማቴ ዞረች። «እማማ፣ ይሄ በሽታ በትንፋሽ እንጂ በወተት አይተላለፍም። እጇን በሳሙና ትታጠብ፣ ማስክ ታድርግና ታጥባው።»

«በአምስት ቀን ደርቆ የለም ወይ?» አሉ።

ስንታየሁ ጡቴን አየችና ፈገግ አለች። «ያልታለበ ጡት ነው የሚደርቅ። ወተቱን ያቆዩት እርስዎ ነዎት።»

አማቴ ልጁን አምጥተው እቅፌ ላይ አኖሩት። መጀመሪያ ፊቱን አዞረብኝ። ቆይቶ ያዘ። ስሙ ይባረክ! አማቴ ሲጠባ አዩትና «እንግዲያ ያንን ልጅ የእኔ ወተት አልገደለው ይሆን?» አሉ። አብረናቸው አለቀስን።

በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ መድኃኒት ተሰጠው፣ ዳነም። እኔም ቃሌን ጠብቄ ከስንታየሁ ጋር ወደዚህ ጸሎት ቤት መጣሁ። ይኸው ልጄ፣ ፊት ወንበር ላይ ዳቦ የሚገምጠው። አማቴ ዛሬም በሰፈራቸው አራስ ስትታመም ይደውሉልኛል፦ «አጥቢው ብያታለሁ፤ ለስንታየሁ ንገሪልኝ።»

ወገኖቼ፣ እኔ ስደፋ ጌታ ለልጄ እያቆየልኝ ነበር። ከእናንተ መካከል «አለቀብኝ» የሚል ካለ በእሱ ይታመን። ጎረቤቱ ስታንኳኳም በሩን ይክፈት።