ለወንድሜ የተቀመጠው እሸት

ዛሬ ጠዋት በማሽላ እሸት ምክንያት እናቴን ተናገርኳት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ዘንድሮ ቆቦ ላይ ዝናቡ ቶሎ ቆመብን። ከማሳችን ለእሸት የደረሰው ትንሽ ነው።

እሷ ግን እንደ ልማዷ የመጀመሪያውን ለቤተ ክርስቲያን፣ ቀጥሎ ያለውን ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘይነብ ሰጠች። ከተረፈው ላይ ደግሞ ጠብሳ ፈልፍላ፣ የታናሽ ወንድሜን ድርሻ በሳህን አድርጋ ከደነችው።

ወንድሜ ሳዑዲ ልግባ ብሎ በጅቡቲ በኩል ከወጣ ዓመት አለፈው። ከየመን አንዴ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም።

ሳህኑን ከድና "ተመስገን ጌታዬ" ስትል አላስቻለኝም።

"እማዬ፣ ዝናብ የለ፣ ልጅሽ የለ፣ ምኑ ነው የሚያስመሰግነው?"

(ሰንበት ትምህርት ቤት ስለ ምስጋና የማስተምረው እኔው ነኝ እንግዲህ!)

ቀና ብላ አየችኝ። "የሚናፈቅ ልጅ ሰጥቶኛል እኮ። ስለ ሰጠኝ ሳላመሰግነው፣ መልስልኝ ብዬ በምን አፌ ልለምነው?"

እሸቱ ይኸው ቀዝቅዟል፤ ማንም አልነካውም።

እናንተስ ቤት የማን ድርሻ ተከድኗል? የክርስትና ስሙን ጻፉልኝ። ነገ ቅዳሴ ላይ እናቴ ከወንድሜ ስም ጋር ትጠራዋለች።